ነፋስ ስልክ በየት በኩል ይመጣል? የኔትወርክ ቅርፅ ታሪክ ከሐረር መስመር እስከ ሀይሌ ጋርመንት

ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ ፎቶ ኮፒ የምታነሳ፣ ጽሑፍ የምታትምና የኢንተርኔት ቅጽ የምትሞላ አንዲት ባለሱቅ አለች። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ለተማሪዎቼ ማስታወሻ ላባዛ ብሄድ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ፋይበሩን በጥሶታል። ወረፋ የያዙ አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ወጣት የሥራ ማመልከቻው የሚዘጋው በዚያው ቀን ነው።

«መምህር፣ ፋይበሩስ ይሁን፤ ተቆረጠ። የስልኬ ዳታ ግን ለምን አብሮ ጠፋ? እሱ በአየር አይደል እንዴ የሚመጣው?» አለችኝ።

መለስኩላት፣ ግን መልሴ አላጠገባትም። እኔንም አላጠገበኝም። ጥያቄዋ በየዓመቱ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የማስተምረው ምዕራፍ ውስጥ ያለ ነው፤ የኔትወርክ ቶፖሎጂ ይባላል። ባስ፣ ቀለበት፣ ኮከብ፣ ዛፍ፣ መረብ፤ አምስት ሥዕል። ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል። በየዓመቱም አንድ ደፋር ተማሪ እጁን ያወጣና «መምህር፣ አሁን ሁሉም ነገር ዋይፋይና ክላውድ ሆኖ እያለ ይሄ ምን ያደርግልናል?» ይላል። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም መልስ ለመስጠት የተጻፈ ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ቶፖሎጂ ማለት ባጭሩ ማን ከማን ጋር ተያይዟል የሚለው ነው። ርቀቱ አይቆጠርም፣ የሽቦው ዓይነትም አይቆጠርም። የሒሳቡ ጥንስስ በ1736 ሊዮናርድ ኦይለር ስለ ኮኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች የሠራው ሥራ ነው። ሰዎቹ የጠየቁት እያንዳንዱን ድልድይ አንዴ ብቻ ተሻግሮ ከተማውን መዞር ይቻል እንደሆነ ነበር፤ ኦይለር አይቻልም ብሎ አረጋገጠ። ካርታውን ጥሎ ነጥብና መስመር ብቻ አስቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለነው ሁላችንም ነጥብና መስመር እንሥላለን።

እኛ ሀገር የመጀመሪያው መስመር የተሣለው በምኒልክ ዘመን ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን ተቋሙ ታሪክ እንደሚለው ከሐረር አዲስ አበባ የሚደርሰው የስልክና የቴሌግራም መስመር ሥራ በ1894 ተጀመረ፤ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ጫፍ፣ አንድ ሽቦ። «ስልክ» የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ስልኬ ጠፋ» ስንል አያቶቻችን ቢሰሙን «ሽቦዬ ጠፋ» ያልን ይመስላቸዋል። በአዲሱ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ አስመራ የሚሄደውን መስመር ዘረጉ። ከዚያ በኋላ መስመሮቹ ከዋና ከተማዋ ወደ ደቡብም ወደ ምዕራብም ወደየጠቅላይ ግዛቱ ተዘረጉ። ሥዕሉን በአእምሯችሁ ሣሉት፦ መሐል ላይ አዲስ አበባ፣ ዙሪያውን ጨረር። ኮከብ ማለት ይኼ ነው።

ኮከብ የተመረጠው በሞኝነት አይደለም። አሥር ከተማ ካላችሁና እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር በቀጥታ ላገናኝ ካላችሁ 45 መስመር ያስፈልጋል። በኮከብ ግን 9 ይበቃል። ሠላሳ ከተማ ቢሆን 435 ለ29 ነው። ምሰሶ በበቅሎና በሰው ትከሻ ለሚጓጓዝበት ሀገር ምርጫው ግልጽ ነው። ደግሞም ንጉሠ ነገሥቱ የሚፈልገው ሐረር ከጎሬ እንዲያወራ አልነበረም፤ ሐረርም ጎሬም ከቤተ መንግሥት እንዲያወሩ ነው። የኔትወርክ ቅርፅ የሥልጣንን ቅርፅ ይከተላል ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ከዚያ ዘመን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ድምፅ በረጅም ሽቦ ሲሄድ እየደከመ ይሄዳል። አሜሪካኖች ኒውዮርክን ከሳን ፍራንሲስኮ በስልክ ማገናኘት የቻሉት በ1915 ነው፤ እሱም መሐል መሐል ላይ በቫኪዩም ቱዩብ የሚሠራ ማጉያ አስገብተው። እኛ ጋ ማጉያ የለም። ታዲያ ምን ተደረገ? ሰው ተቀመጠ። በመካከል ጣቢያ ያለው ስልከኛ ከአንዱ ጫፍ የተነገረውን ይሰማል፣ ለሚቀጥለው ጣቢያ በራሱ አፍ ይደግመዋል። የሚቀጥለውም እንዲሁ። በዛሬ ቋንቋ ሪፒተር የምንለው ዕቃ ያኔ ደመወዝ የሚበላ ሰው ነበር! አስቡት፤ የገዥው መልእክት መሐል ጣቢያው ላይ ያለ ስልከኛ ሳይሰማው አያልፍም። ጉንፋን ቢይዘው መስመሩ ይደክማል፤ ለምሳ ከወጣ ደግሞ መስመሩ ተቋረጠ። ስለ ኔትወርክ ደኅንነት ሳስተምር የምጀምረው ከዚህ ነው፦ መሐል ላይ ያለ ሁሉ መስማት ይችላል።

ሽቦ ሌላም ጣጣ አለው፤ የሰው ሀገር አቋርጦ ነው የሚወጣው። ወደ ውጭ የሚላክ ቴሌግራም በፈረንሳይ ጅቡቲ ወይም በጣሊያን አስመራ በኩል ማለፍ ነበረበት። መፍትሔው ከአየር መጣ። አቃቂ ላይ የተሠራው የራዲዮ ጣቢያ በ1935 ሥራ ላይ ሲውል ኢትዮጵያ የማንንም ጎረቤት ሽቦ ሳትነካ ከሩቅ ዓለም ጋር መነጋገር ቻለች። ያውም ወረራው በመጣበት ዓመት። ያለ ሽቦ የሚሄደውን ይህን ቴሌግራፍ የዘመኑ አማርኛ «ነፋስ ስልክ» ይለው ነበር። ክፍለ ከተማችን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ስለዚህ ባለሱቋ «በአየር አይደል እንዴ?» ስትለኝ የሰፈሯን ስም እየተረጎመች ነበር ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የነበረውን ፈጠን ብለን እንለፈው። በ1952 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ አውቶማቲክ ማዞሪያዎች መጡ፤ በተራራ አናት ላይ የማይክሮዌቭ ማማዎች ተተከሉ። በ1979 ደግሞ የሱሉልታ የሳተላይት ጣቢያ ተከፈተ። ቴክኖሎጂው ሁሉ ተቀያየረ፣ ሥዕሉ ግን ያው ኮከብ ነው። እንዲያውም ሳተላይት ኮከብነቱን አጠበቀው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበራችሁ ፕላዝማን አትረሱትም፤ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በሳተላይት በአንድ ጊዜ የትየለሌ ክፍል የሚደርስ ትምህርት። መምህሯ በስክሪኑ «ጥያቄ አላችሁ?» ትላለች፣ መልስ ሳትጠብቅ ትቀጥላለች። የአንድ አቅጣጫ ኮከብ ጠባይ ነው፤ መሐሉ ይናገራል፣ ዳሩ ይሰማል።

ኮከብን በሌላ ዓይን ያየው ሰው ፖል ባራን ነው። በአሜሪካ ራንድ ኮርፖሬሽን ይሠራ የነበረው ባራን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ ቀላልና አስፈሪ ነበር፦ የኑክሌር ቦምብ መሐሉን ቢመታው ምን ይቀራል? በ1964 በወጣው ሥራው ሦስት ሥዕል ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ አንድ ማዕከል ያለው ኮከብ፣ ብዙ ትንንሽ ኮከቦች የተያያዙበት፣ እና መሐል የሌለው መረብ። ኮከቡ በአንድ ምት ያልቃል። መረቡ ግን እየተቦጫጨቀም ይሠራል። የሥራው ውብ ክፍል ግን ሌላ ነው። ሁሉም ከሁሉም ጋር መገናኘት አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ወይም አራት ያህል መስመር ካለው የመረቡ ጥንካሬ ሊደረስበት ከሚችለው ጫፍ ብዙም አይርቅም። ማለትም ከ435ቱ መስመር በጣም ጥቂቱ ይበቃል፣ በደንብ ከተመረጠ።

የኢንተርኔት አባት የሆነው አርፓኔት በ1969 መጨረሻ አራት ነጥብ ነበረው። ሦስቱ፣ ሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎችና ስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ በሦስት ማዕዘን ተያይዘዋል። አራተኛው ዩታ ግን በአንድ መስመር ብቻ ከስታንፎርድ ጋር ተንጠልጥሏል። ያቺ መስመር ብትበጠስ ዩታ የለም። እኔ ይህን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ዳር ላይ ያሉ የወረዳ ከተሞቻችን ትዝ ይሉኛል።

ወደ ውስጥ፣ ወደ ክፍልና ቢሮ ስንገባ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። ኢተርኔት በ1973 በዜሮክስ ቤተ ሙከራ ሲታሰብ ባስ ነበር፤ አንድ ረጅም ኮአክሲያል ገመድ፣ ሁሉም ኮምፒውተር እሱ ላይ ይንጠለጠላል። ለመናገር የፈለገ መጀመሪያ ያዳምጣል፣ ዝም ካለ ይናገራል፣ ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ ሁለቱም ዝም ብለው ትንሽ ቆይተው እንደገና ይሞክራሉ። እኔ ራሴ በተማርኩበት አንድ ቤተ ሙከራ በቀጭኑ ኮአክሲያል የተሠራ ኔትወርክ ነበር። ጫፎቹ ላይ የ50 ኦም ማቆሚያ ይደረጋል። ወንበር ሲጎተት አንዱ ማያያዣ ከተላቀቀ ክፍሉ በሙሉ ይሞታል። ከዚያ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ጠረጴዛ ሥር እየገባ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ይፈትሻል፤ እኛ ደግሞ ደስ ብሎን ሻይ ልንጠጣ እንወጣለን።

አይቢኤም በ1980ዎቹ አጋማሽ ቶከን ሪንግን ይዞ መጣ። በቀለበት የምትዞር አንዲት «ቶከን» አለች፤ እሷን የያዘ ብቻ ይናገራል። ሥርዓት አለው። ግን ዋጋው ተወደደ፤ ኢተርኔትም ስዊች የሚባለውን ዕቃ መሐል ላይ አስቀምጦ ራሱን ወደ ኮከብ ለወጠና አሸነፈ። የባለሱቋ ሁለት ኮምፒውተርና ማተሚያ ዛሬ የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው፤ ትንሽ ኮከብ። አንዱ ገመድ ቢላቀቅ ሌላው አይሰማም። ስዊቹ ከተቃጠለ ግን ሁሉም አለቀ። በ1985 ራዲያ ፐርልማን የሠራችው ስፓኒንግ ትሪም እዚህ ላይ መነሣት አለበት። መጠባበቂያ ብላችሁ ሁለት ገመድ በስዊቾች መካከል ብትዘረጉ መልእክቱ ክብ እየዞረ ኔትወርኩን ያንቃል፤ የእሷ ዘዴ ትርፉን መስመር በእንቅልፍ ያቆየዋል፣ ዋናው ሲቆረጥ ይቀሰቅሰዋል። ባስም ቢሆን አልሞተም። ዋይፋይ ማለት ሽቦው በአየር የተተካ ባስ ነው፤ ሁላችሁም አንድ አየር ትጋራላችሁ፣ አዳምጣችሁ ትናገራላችሁ። ካፌ ውስጥ ሰው ሲበዛ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፈው አንዱ በዚህ ነው። ቀለበትም ተሰደደ እንጂ አልሞተም፤ ከቢሮ ወጥቶ የከተማ ፋይበር ሆነ።

ይህን ቀለበት ለአዲስ አበቤ ማስረዳት ይቀላል፤ ቀለበት መንገድን ታውቁታላችሁ። መሐል ከተማ ሲዘጋጋ በዙሪያ ትሄዳላችሁ። የፋይበር ቀለበትም እንደዚያው ነው። መረጃው በአንድ አቅጣጫ እየሄደ ሳለ ገመዱ ቢቆረጥ መሣሪያዎቹ ወዲያው በሌላው አቅጣጫ ያዞሩታል፤ ኤስዲኤች የሚባለው ሥርዓት ይህን በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ እንዲያደርግ ነው የታሰበው። ዓይን ሳይርገበገብ ማለት ነው። ግን አንድ ሁኔታ አለ፦ የቀለበቱ ሁለት ጎኖች በተለያየ መንገድ መሄድ አለባቸው። ሁለቱም ጎን በአንድ ቦይ ከተቀበሩ ሥዕሉ ላይ ቀለበት ነው፣ መሬት ላይ ግን አንድ ገመድ። ኤክስካቫተር ሥዕል አያነብም።

አሁን ከሰፈር ወጥተን ሀገሪቱን እንያት። ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ ወደብ የላትም። የኢንተርኔት ፋይበራችን ወደ ባሕር የሚወርደው በጎረቤቶቻችን በኩል ነው፤ በጅቡቲ፣ በሱዳንና በሞያሌ አድርጎ በኬንያ። ሦስት በር። ባራንን ያነበበ ሰው «ሦስት ካለ ጥሩ ነው» ይላል። ነገር ግን ልብ በሉ። የጅቡቲውም የፖርት ሱዳኑም ኬብል ወደ አውሮፓ የሚሄደው በዚያው በቀይ ባሕር ነው። በየካቲት 2024 ሩቢማር የተባለች መርከብ በሁቲዎች ሚሳይል ተመትታ እየተንሳፈፈች ሳለ መልሕቋ የባሕር ኬብሎችን ሳይቆርጥ እንዳልቀረ ተነገረ፤ ሲኮም፣ ኢአይጂና ኤኤኢ-1 በዚያ ሰሞን ተቆረጡ። በዚያው ወር ሱዳን በጦርነቱ ምክንያት አብዛኛው ኢንተርኔቷ ጠፍቶ ነበር። በግንቦት ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ኢሲና ሲኮም ደርባን አቅራቢያ ተቆርጠው ኬንያንና ታንዛኒያን አወኩ። ሦስቱም በር በአንድ መንፈቅ ውስጥ በየተራው ፈተና ላይ ወደቀ። በካርታ ላይ ሦስት ሆኖ የሚታይ መንገድ ባሕር ውስጥ ሲገባ ስንት ይሆናል? የምለካው በዚህ ነው።

ሌላም የኮከብ ጠባይ አለ፤ ከመሐል ሊዘጋ ይችላል። በ2016 የመልቀቂያ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ተሠራጨ፤ በቀጣዩ ዓመት በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተዘጋ። በ2020 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በትግራይ ጦርነት ደግሞ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ሰው የቤተሰቡን መኖር አለመኖር ማወቅ አቃተው። ፖለቲካውን ለሌሎች ልተወው፤ እንደ ኔትወርክ መምህር የምለው ግን ይህ ሁሉ በቀላሉ የሚቻለው መውጫው ጥቂት፣ ባለቤቱም አንድ ሲሆን ነው። ግብፅ በጥር 2011 ብዙ ኩባንያዎች እያሏትም ኢንተርኔቷን አጥፍታለች፤ ጥቂት ድርጅቶችን ማዘዝ በቂ ነበር። ስለዚህ የባለቤት ብዛት ብቻውን ዋስትና አይደለም። ቢሆንም ከአንድ ሁለት ይሻላል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በጥቅምት 2022 ሥራ መጀመሩን እኔ በዋጋ ፉክክሩ ብቻ ሳይሆን በዚህም ዓይን ነው የማየው።

ሁለት ሲሆኑ ግን አዲስ ጥያቄ ይመጣል፤ የት ይገናኛሉ? ኬንያውያን ይህን ቀድመው አይተውታል። በ2000 መጨረሻ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎቻቸው ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው የጋራ መለዋወጫ ከፈቱ፤ ዓላማው ከናይሮቢ ናይሮቢ የሚላክ መልእክት ባሕር ማዶ ዞሮ እንዳይመጣ ነው። የመንግሥት የስልክ ድርጅት ተቃወመና በሳምንታት ውስጥ ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው በ2002 ነው። እኛም ዘንድ የሚነበበው ብዙ ነገር የተቀመጠው ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። ጀሞ ያለ ሰው የጻፈውን ለቡ ያለ ሰው ለማንበብ መረጃው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ይመለሳል። በታክሲ ግን ሁለቱ ሰፈሮች ጎረቤት ናቸው።

ወደ ሱቋ ልመለስ። ፋይበሩ የተጠገነ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ጉድጓዱ ገና አልተደፈነም፤ አንድ ቴክኒሻን ጫፍ ላይ ተቀምጦ የመገጣጠሚያውን ሳጥን ይዘጋል። ባለሱቋም ልታይ ወጣች። «ወንድሜ፣ የትኛው ነው የእኔ?» አለችው። ቀጭኑን አሳያት። ከጎኑ ያለው ወፍራሙስ? ያ አደባባዩ ማዶ ወዳለው የሞባይል ማማ የሚሄደው ነው አላት።

ስልኳ ከማማው ጋር የሚነጋገረው በአየር ነው፤ ቢበዛ ጥቂት መቶ ሜትር። ማማው ግን ከዓለም ጋር የሚነጋገረው በዚያ ወፍራም ገመድ ነበር። ነፋስ ስልኩ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ስልክ፣ ማለትም ሽቦ፣ ይሆናል። ያን ጠዋት በሁለት ዓረፍተ ነገር ልነግራት ሞክሬ ያልተሳካልኝ ይኼ ነበር፤ ጉድጓዱ በአንድ እይታ ነገራት።

«ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ጉድጓድ?» አለችው።

«በዚህ በኩል አዎ።»

«ለማማው ሌላ መስመር የለውም?»

ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በስተ ሳሪስ በኩል አመለከተ። «በዚያ ይመጣል ተብሏል፤ ቧንቧው ተቀብሯል፣ ገመዱ ነው ያልገባው።»